ቢሃይቭ የተባለው ጋይዘር ሲፈነዳ በአጋጣሚ አየሁ፤ ወላጆቼን ይዤ ወደ የሎውስቶን ስመለስ እንዴት ላቅድ?

የደብረ ብርሃን ልጅ (ዴንቨር)

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው መስከረም ከባለቤቴ ጋር ከዴንቨር ተነሥተን በመኪና ወደ የሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ ሄደን ነበር። እንደ አብዛኛው ጎብኚ እኛም የሄድነው ኦልድ ፌዝፉል የተባለውን ጋይዘር (በየጊዜው እየፈነዳ ወደ ላይ የሚወረወር ፍል ውኃ) ለማየት ነው። በሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ሰዓት አይተን፣ በግማሽ ክብ ከተደረደሩት አግዳሚ ወንበሮች በአንዱ ላይ ተቀምጠን ጠበቅን፤ ውኃው ወጣ፣ ሕዝቡ አጨበጨበ፣ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላም ሁሉም ወደየመኪናው ተበተነ። ጥሩ ነበር፤ ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ ግን እሱ አይደለም።

ከዚያ በኋላ ወንዙን ተሻግረን ጋይዘር ሂል በሚባለው ስፍራ በእንጨቱ መረማመጃ ላይ ስንዘዋወር፣ ቁመቱ ከአንድ ሜትር ብዙም የማይበልጥ የንብ ቀፎ የመሰለ ግራጫ ጉብታ አጠገብ ደረስን። ከጉብታው ጎን ካለች ትንሽ ቀዳዳ ውኃ እየተንተከተከ ይረጭ ነበር። ማስታወሻ ደብተርና የመገናኛ ሬዲዮ የያዙ ባልና ሚስት የሚመስሉ አዛውንቶች «አትሂዱ፣ እዚሁ ቆዩ» አሉን። ሩብ ሰዓት ያህል ከቆየን በኋላ ጉብታው ራሱ ሁለት ሦስት ጊዜ ውኃ ተፋ፤ ወዲያውም ከጠባቡ አፉ ቀጥ ያለ የውኃ ዓምድ እያስገመገመ ወደ ሰማይ ወጣ፤ የቆምንበት እንጨት ሲንቀጠቀጥ በጫማዬ ሥር ይሰማኝ ነበር። ነፋሱ ወደ እኛ ሲዞር ርጭቱ በላያችን ወረደ፤ እኛ ዘንድ ሲደርስ ቀዝቅዞ ነበር። በመነጽሬ ላይ የደረቁት ጠብታዎች ግን ነጫጭ ነጥብ ጥለው ቀርተዋል፤ እስከ ዛሬ በሳሙናም አልለቀቁም። ጋይዘሩ ቢሃይቭ እንደሚባል ያወቅሁት ከሁለቱ አዛውንቶች ነው።

አሁን እናቴና አባቴ በመጪው ክረምት ሊጠይቁን ከደብረ ብርሃን ይመጣሉ። እናቴ በስልኬ የቀረጽሁትን ደጋግማ አይታ «እኔንም እዚያ ውሰዱኝ» ብላለች። ሁለቱም ዕድሜያቸው ሰባን አልፏል፤ በእግር ይሄዳሉ፣ ቶሎ ግን ይደክማቸዋል። ቢሃይቭን ፈልጎ ለመድረስ የሚያስችል መንገድ ካለ፣ የትኛው ወር እንደሚሻል፣ እንዲሁም እነዚህ ነገሮች ከዓመት ዓመት ባሉበት ይቆዩ እንደ ሆነ የምታውቁ እባካችሁ ምከሩኝ። ባለቤቴ በበኩሉ «ያየነውን ቦታ ከመድገም አይስላንድ ብንወስዳቸው ይሻላል» ባይ ነው።

የመንገድ ሰው (ቦዝማን፣ ሞንታና)

እኅቴ፣ እንኳን ለዚያ ዕድል አበቃዎት። እኔ የአስጎብኚ አውቶቡስ ስለምነዳ የአሜሪካን በጋ የማሳልፈው እዚያው መንገድ ላይ ነው፤ ዓመታት ስመላለስ ኖሬ ቢሃይቭን ያየሁት ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ ለእናትዎ ቢሃይቭን አሳይሻለሁ ብለው ቃል አይግቡላቸው። አንዳንድ ጊዜ በቀን ሁለት ጊዜ ይፈነዳል፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ለቀናት ዝም ይላል። የፓርኩ አስተዳደርም ለእሱ ሰዓት አይለጥፍም። ያዩዋት ትንሽ ቀዳዳ አመልካቹ ናት፤ ብዙውን ጊዜ ዋናው ከመፈንዳቱ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ቀደም ብላ መርጨት ትጀምራለች፤ አልፎ አልፎም ታታልላለች። ያገኟቸው ሰዎች ጊዜያቸውን ሁሉ ጋይዘር በመጠበቅ የሚያሳልፉ ወዳጆች ናቸው፤ ያዩትን ፍንዳታ በየደቂቃው መዝግበው ጋይዘር ታይምስ በተባለው ድረ ገጽ ላይ ያስቀምጡታል። እዚያ አካባቢ ሬዲዮ የያዘ ሰው ሲያዩ ሳያፍሩ ይጠይቁ፤ ከማንኛውም ሰሌዳ ይልቅ እነሱ ያውቃሉ፣ ሲጠየቁም ደስ ይላቸዋል።

እኔ ብሆን እቅዱን የምሠራው በሪቨርሳይድና በግራንድ ላይ ነው። ሪቨርሳይድ ስሙ እንደሚለው ከወንዙ ዳር ያለ ነው፤ ተመልካቹ ማዶ ባለው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ውኃው አዘንብሎ ወደ ፋየርሆል ወንዝ ሲወርድ ያያል። የሚፈነዳው በየ6 እና 7 ሰዓቱ ገደማ ሲሆን፣ ከመጀመሩ አንድና ሁለት ሰዓት ቀደም ብሎ ከአፉ ውኃ ስለሚፈስ ቀርቦ እንደ ሆነ በዓይን ይታወቃል። ፍንዳታውም ወደ 20 ደቂቃ ይቆያል፤ ለአረጋውያን ከኦልድ ፌዝፉል ጥቂት ደቂቃዎች ይልቅ ይህ በእጅጉ ይሻላል። ከኦልድ ፌዝፉል ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ መንገዱ ግን የተነጠፈና ለጥ ያለ ነው፤ በካስል ጋይዘር አጠገብም ያልፋል።

ግራንድ ደግሞ ሰዓታቸው ከሚገመተው ጋይዘሮች ሁሉ ረጅሙ ነው፤ እስከ 60 ሜትር ይወጣል። እሱን መጠበቅ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ኩሬው ሞልቶ ይፈስሳል፤ አጠገቡ ያለው ተርባን የተባለ ትንሽ ጋይዘር በየ20 ደቂቃው ገደማ ይነሣል፤ ግራንድ የሚፈነዳውም ተርባን ሊነሣ በተቃረበበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ኩሬው ላይ ሞገድ መሰል እንቅስቃሴ ሲታይ ሕዝቡ ሁሉ ትንፋሹን ይይዛል፤ ካልሆነም ሌላ 20 ደቂቃ መቀመጥ ነው። አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ ወደ 10 ደቂቃ ገደማ ፈንድቶ ጸጥ ሲል «አለቀ» ብለው እንዳይነሡ፤ አንዳንድ ቀን ጥቂት አረፍ ብሎ ለሁለተኛ ጊዜ ይወጣል፤ ያኛው ከመጀመሪያው የበለጠ ሊሆን ይችላል። ቸኩለው የሚሄዱትን እንግዶቼን እያየሁ የማዝነው እዚህ ላይ ነው።

የኦልድ ፌዝፉል ሰዓት የሚገመተው ካለፈው ፍንዳታ ርዝመት ተነሥቶ ነው። ያለፈው አጭር ከነበረ ቀጣዩ በአንድ ሰዓት አካባቢ ይመጣል፤ ረጅም ከነበረ ደግሞ ሰዓት ተኩል ወይም ከዚያ በላይ ይጠበቃል፤ ግምቱ 10 ደቂቃ ያህል ወዲያና ወዲህ ይላል። ለወላጆችዎ አስቀድመው ሊነግሯቸው የሚገባው፣ በሰሌዳው ላይ ከቀትር በኋላ 3፡40 ተብሎ ሲጻፍ በእኛ አቆጣጠር 9፡40 መሆኑን ነው። አንድ ዘመዴን ይዤ ሄጄ በዚህ ጉዳይ ስንከራከር ካስል አምልጦናል።

ወሩን በተመለከተ፣ ሐምሌ ሕዝብ ይበዛል፤ ከረፋድ አራት ሰዓት በኋላ የመኪና ማቆሚያ ማግኘት ፈተና ነው። ወላጆችዎ የሚጾሙ ከሆነ በፍልሰታ መምጣት ሌላ ጣጣ አለው፤ በፓርኩ ምግብ ቤቶች ውስጥ የጾም ነገር እምብዛም አይገኝም። ፍልሰታ ከተፈታበት ከነሐሴ 16 በኋላ እስከ ጳጉሜን ያለው ጊዜ ጥሩ ነው፤ ትምህርት ቤቶች እየተከፈቱ ስለሚሄዱ ሕዝቡ ይቀንሳል፣ ብርዱም ገና አይበረታም። በመስከረም አጋማሽ ግን በረዶ ሊጥል ይችላል። ማደሪያ በዚያው በኦልድ ፌዝፉል ካሉት ሦስት ማረፊያዎች በአንዱ ሁለት ሌሊት ቢይዙ፣ ጠዋትና ማታ ሕዝቡ በሌለበት ሰዓት ወጣ ብሎ ማየት ይቻላል። እነዚህ ክፍሎች ከወራት አስቀድመው ስለሚያልቁ አሁኑኑ ይፈልጉ፤ ካጡ ዌስት የሎውስቶን ከተማ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ቢርቅም ወጥ ቤት ያለው ቤት የሚከራየው እዚያ ነው።

አለት አንባቢ (አዲስ አበባ)

ጂኦሎጂ አስተምራለሁና «ባሉበት ይቆያሉ ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ልመልስ፤ የመንገድ ሰው የተናገሩትም ለምን እንደዚያ እንደሚሆን በዚያው ግልጽ ይሆናል።

ጋይዘር ከተራ ፍል ውኃ የሚለየው በቧንቧው ነው። የዝናብና የበረዶ ውኃ ወደ ጥልቅ ሰርጎ በታች ባለው ትኩስ አለት ይሞቃል፤ ነገር ግን ከላይ ያለው ውኃ ክብደት ስለሚጫነው ከመፍላት ነጥቡ በላይ እየሞቀ እንኳ ሳይፈላ ይቆያል። በቧንቧው ውስጥ ጠባብ ማነቆ ካለ እንፋሎቱ በቀላሉ አያመልጥም፤ በኦልድ ፌዝፉል ውስጥ ካሜራ ሲወርድ በ7 ሜትር ጥልቀት ገደማ መተላለፊያው ወደ 11 ሴንቲ ሜትር ጠቦ ተገኝቷል። ከላይ ጥቂት ውኃ ሲፈስስ ጫናው ይቀልላል፤ ያን ጊዜ በታች ያለው ከልክ በላይ የሞቀ ውኃ በቅጽበት ወደ እንፋሎት ይለወጣል፤ እንፋሎቱም ከውኃው በሺህ እጥፍ የሚበልጥ ቦታ ስለሚፈልግ በላዩ ያለውን ሁሉ ይዞ ይወጣል። ይህን ጫና ችሎ የሚቆየው ቧንቧ የተለበጠው ውኃው ራዮላይት ከተባለው የእሳተ ገሞራ አለት አሟሙቶ ባመጣው ሲሊካ በተባለ መስታወት መሰል ማዕድን ነው። የእኅታችን መነጽር ላይ የቀረውም ይኸው ሲሊካ ነው፤ ሳይደርቅ በንጹሕ ውኃ ካልታጠበ በኋላ ማስለቀቅ አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ጉዞ የካሜራ ሌንስ ሸፍነው ይያዙ።

ኦልድ ፌዝፉል ሰዓቱን የሚያከብረው ከጎረቤቶቹ ጋር ብዙም ውኃ ስለማይጋራ ነው። ሌሎቹ ከመሬት በታች የተያያዙ ስለሆኑ አንዱ ሲፈነዳ የሌላውን ሙቀትና ውኃ ይወስድበታል። ቢሃይቭን ለመገመት አስቸጋሪ የሚያደርገውም በዚያው ኮረብታ ላይ ያሉት ጎረቤቶቹ ብዛት ይመስለኛል።

ዘላቂነታቸውን በተመለከተ፣ በዚህ ዓመት ያየነውን በሚቀጥለው ዓመት ማግኘታችን እጅግ የሚገመት ነው፤ ዋስትና ግን የለም። ነሐሴ 1959 እ.ኤ.አ. ከፓርኩ ብዙም በማይርቀው በሄብገን ሐይቅ አጠገብ የደረሰው በሬክተር 7.3 ገደማ የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ብዙ ፍል ውኃዎችን በአንድ ሌሊት ለውጧል። በዚያን ዘመን ከአንድ ሰዓት ጥቂት ያልፍ የነበረው የኦልድ ፌዝፉል አማካይ የጊዜ ልዩነት ዛሬ ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ተራዝሟል። በ2020 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሳየው ደግሞ በ13ኛውና በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በረጅም ድርቅ ዘመን፣ ኦልድ ፌዝፉል ለአሥርት ዓመታት ፀጥ ብሎ በጉብታው ላይ ዛፍ በቅሎበት ነበር፤ የተገኘው በማዕድን የጠጠረ እንጨት ለዚህ ምስክር ነው። በዚያው ፓርክ ኖሪስ በተባለው ስፍራ ያለው ስቲምቦት የተባለ ጋይዘር፣ በዛሬው ዓለም ካሉት ሁሉ ረጅሙ፣ ከ90 ሜትር በላይ የሚወጣው፣ ከ1911 እስከ 1961 እ.ኤ.አ. ድምፁ አልተሰማም፤ በ2018 ግን ተነሥቶ በ2019 ብቻ 48 ጊዜ ፈንድቷል። ከዚያ ወዲህ እንደገና እየተራራቀ መጥቷል። ሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. በዚያው ፓርክ ቢስኪት ቤዚን በሚባለው ስፍራ ብላክ ዳይመንድ የተባለው ኩሬ በድንገት ፈንድቶ የእንጨቱን መረማመጃ ሰባብሮታል፤ ይህ ግን ጋይዘር አልነበረም፣ አለቱን ራሱን የሚፈነቅል ሌላ ዓይነት ፍንዳታ ነው። ስለዚህ በአጥር የተከለለ ቦታ ሲያዩ የሠራተኞች ጥንቃቄ ማብዛት ብቻ አይምሰልዎ።

ለወላጆችዎ ደግሞ አንድ የምሥራች አለ። ኦልድ ፌዝፉል ከባሕር ወለል 2,240 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ደብረ ብርሃን 2,800 ያልፋል። ከባሕር ዳርቻ ከተሞች የሚመጡት ሲያለከልኩ እነሱ ምንም አይሰማቸውም።

የባልቲክ ማዶ (ስቶክሆልም)

ባለቤትዎ ትክክል ናቸው። እኔ በአይስላንድ ስትሮኩርን አይቻለሁ፤ በየ6 እስከ 10 ደቂቃው ይፈነዳል፣ ስለዚህ ሽማግሌ ይዞ በብርድ መጠበቅ የለም። ከሬይኪያቪክ በመኪና ሁለት ሰዓት አይፈጅም። ከመፈንዳቱ በፊት ኩሬው መሐሉ ያብጣል፤ ለአንዲት ቅጽበት ሰማያዊ ጉልላት ሆኖ ብርሃን እያሳለፈ ይታያል፤ ያ ጉልላት ሲቀደድ ውኃው ከ15 እስከ 20 ሜትር ይወረወራል። ገመዱ አጠገብ ቆመው ከደቂቃዎች በኋላ እንደገና ያዩታል፤ አንደኛው ቢያመልጥ ሁለተኛው አለ። አጠገቡ ያለው ለጋይዘሮች ሁሉ ስሙን የሰጠው ጋይሲር ግን ዛሬ አብዛኛውን ጊዜ ተኝቷል፤ በ2000 እ.ኤ.አ. ከደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ነቅቶ ነበር። ወላጆችዎ ግን የሸንገን ቪዛ እንደሚያስፈልጋቸው አይርሱ፤ የአሜሪካው አያስገባቸውም።

የመንገድ ሰው (ቦዝማን፣ ሞንታና)

ስትሮኩር መልካም ነው፤ ነገር ግን ቧንቧው በ1963 እ.ኤ.አ. በሰው እጅ ተቆፍሮ የተጠረገ ነው። እናትዮዋ በቪዲዮ ያዩት ደግሞ ከስትሮኩር እጅግ ከፍ ብሎ የሚወጣውን ቢሃይቭን ነው። ከ20 ሜትር ጋር ሲያነጻጽሩት ምን ሊሉ እንደሚችሉ እኅታችን ታውቃለች።

የሎጊያ መንገደኛ (ሰመራ)

ሁላችሁም ስለ ሩቁ ስትነጋገሩ ስለ ቅርቡ አንድ ቃል ልጨምር። በአፋር፣ ከሎጊያና ከሰመራ ብዙም ሳይርቅ፣ በተንዳሆ ሜዳ ላይ አላሎባድ የሚባል ስፍራ አለ። የሚፈሉ ኩሬዎች በሰማያዊና በአረንጓዴ ቀለም ተዘርግተው ይታያሉ፤ ከመካከላቸው ውኃ ወደ ላይ የሚረጩ አሉ፤ ሰዓታቸው ግን አይታወቅም፣ ከፍታቸውም ከየሎውስቶኖቹ ጋር አይወዳደርም። የእንጨት መረማመጃም ሆነ ሬንጀር (የፓርክ ጠባቂ) የለም። በነጩ ቅርፊት ላይ የሚረግጡትን የሚያውቅ የአካባቢው ሰው ሳይዙ መሄድ አይገባም፤ ቅርፊቱ በቦታ በቦታ ስስ ነው። መሄድ ያለበትም በጥቅምትና በየካቲት መካከል ጎሕ ሲቀድ ነው፤ በክረምቱ ወራት እዚህ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፣ ለሰባ ዓመት ሰው አይመከርም። እንፋሎቱም በብርዱ ማለዳ ይበልጥ ጎልቶ ይታያል።

በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥ መጨረሻ በዶፋን አካባቢ ምድር ተሰንጥቆ እንፋሎትና ጭቃ ሲወጣ በየስልኩ የተሠራጨውን ብዙ ሰው ጋይዘር ብሎ ጽፎት አይቻለሁ። አይደለም፤ ከመሬት መንቀጥቀጡ ጋር የመጣ ነበር፤ ነዋሪዎችም ከቤታቸው የተፈናቀሉበት ስለሆነ ለጉብኝት የሚታሰብ ጉዳይ አልነበረም።

የደብረ ብርሃን ልጅ (ዴንቨር)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከባለቤቴ ጋር ተነጋግረን ከነሐሴ 16 በኋላ ሁለት ሌሊት ኦልድ ፌዝፉል አጠገብ ለማደር ወስነናል፤ አላሎባድን አገር ቤት ስንገባ እናስብበታለን። የቀሩኝ ሁለት ነገሮች ናቸው። እናቴ የወገብ ሕመም አለባት፤ በየዓመቱ ሶደሬ ትወርዳለች። «እዚያ ያለው ፍል ውኃ መቼም ይብስ ይፈውሳል» እያለች ከአሁኑ ፎጣዋን ልታዘጋጅ ነው። እንዲሁም ከዴንቨር በየትኛው በር ብንገባ ለእነሱ ይቀላል?

የመንገድ ሰው (ቦዝማን፣ ሞንታና)

ለእናትዎ ገና አውሮፕላን ሳይሳፈሩ በስልክ ቁርጡን ይንገሯቸው፤ እዚያ ደርሰው ሲከለከሉ ቅር ይላቸዋል። እጅ መንከር እንኳ የተከለከለ ነው። በኦልድ ፌዝፉል ከፍታ ውኃ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ በዙሪያው ያሉ ኩሬዎች ብዙዎቹ ወደዚያ የቀረበ ሙቀት አላቸው፤ በፓርኩ ታሪክ ከ20 በላይ ሰዎች በእነዚህ ኩሬዎች ተቃጥለው ሞተዋል። መረማመጃውን ትቶ መውጣትም ሆነ ዕቃ መጣል ያስቀጣል፤ በ2020 እ.ኤ.አ. ዶሮ ለመቀቀል የሞከሩ ሰዎች ፍርድ ቤት ቀርበዋል። መታጠብ ከፈለጉ በሰሜኑ በር ወጥተው በሞንታና በኩል ቺኮ የሚባል ለመታጠቢያ የተዘጋጀ ፍል ውኃ አለ፤ ለመመለሻው ቀን ቢያደርጉት ግን መንገዱን ያረዝምብዎታል፤ ለወገቡ ሲሉ የሚችሉት ከሆነ አንድ ሌሊት ይጨምሩ።

በሩን በተመለከተ በደቡቡ በር ይግቡ። ከዴንቨር በአንድ ቀን መድረስ ይቻላል፤ ወላጆችን ይዘው ግን ላንደር ላይ አድረው በማግሥቱ በግራንድ ቲተን ሥር ማለፍ ይሻላል። ከደቡቡ በር እስከ ኦልድ ፌዝፉል 63 ኪሎ ሜትር ነው፤ ጎሽ መንገድ ላይ ካልቆመ ከአንድ ሰዓት ብዙ አያልፍም። የስልክ መረብ በብዙ ቦታ ስለሚጠፋ የብሔራዊ ፓርኮቹን መተግበሪያ ከላንደር ሳይነሡ አውርደው ይያዙ፤ የጋይዘሮቹን ሰዓት ለማየት ግን ኦልድ ፌዝፉል ሲደርሱ መጀመሪያ ወደ ጎብኚዎች ማዕከል ይግቡ።